የንግሥቲቱ እባብ አፍ

ክቡራትና ክቡራን... ንግግር እንዲህ ተብሎ ነው የሚጀመረው ብለውኛል አለቃችን ሲኞራ ኤልቪራ፣ ይኸው አልኩ፤ ክቡራትና ክቡራን። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አላውቀውም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፣ እዚያም ቢሆን "ኤርሲሊያ፣ ተነሺና አንብቢ" ስባል አለቅስ ነበር።

አሁን አላለቅስም። ዲርቼ፣ አትሳቂብኝ፣ አንቺን ሳይ እኔም እስቃለሁ፣ ከሳቅኩ ደግሞ ማልቀሴ አይቀርም።

መጀመሪያ ማመስገን አለብኝ። እሄዳለሁ ያልኳችሁ ዛሬ ጠዋት ነው፣ በዚህች ሰዓት ውስጥ ይሄን ሁሉ አዘጋጃችሁ። ወይኑን ከፍራስካቲ ድረስ ተሸክማችሁ ላመጣችሁት፣ ዳቦውን፣ የበግ አይቡን፣ ይሄን ብስኩት ለጋገራችሁት፣ የጨርቅ መቁረጫውን ጠረጴዛ አጽድታችሁ ምግብ ላቀረባችሁበት፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ ስፌት ክፍል የሚሄድ ሰው ሳይበላና ሳይናገር አይሄድም ሲባል ለትልልቆቹ ብቻ መስሎኝ ነበር። እኔ'ኮ ዓመት እንኳን አልሞላኝም። ለእኔም አልነፈጋችሁኝም።

ሲኞር ፓስኩቺንም አመሰግናለሁ። የፊልሙ ሥራ አስኪያጅ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ስንብት ሲመጡ የመጀመሪያው ነው አሉኝ፣ ትልቅ ክብር ነው። እርግጥ ለእኔ እንዳልመጡ አውቃለሁ። እግሬ ሥር ላለው ቅርጫት ነው የመጡት፣ በሩን ደገፍ ብለው የቆሙትም ለዚሁ ነው። "ንግግሯን ትጨርስ፣ ከዚያ ቅርጫቱ እዚህ ይቀራል፣ ካልቀረ ፖሊስ እጠራለሁ" ብለዋል፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እንግዲያው ንግግሬ እስኪያልቅ ድረስ ሰላም ነን ማለት ነው። እኔ ደግሞ ስፈራ ብዙ አወራለሁ፣ ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነኝ።

ቅርጫቱን አትሽሹት፣ ክዳኑ ታስሯል። ተኝቷል እሱ። ከሁላችንም እሱ ነው የተረጋጋው።

ዛሬ ጠዋት ዋናው በር ላይ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? "ያቺ የተራራ ልጅ እባብ ፈርታ ሥራ ለቀቀች" ይባላል አሉ። እኔ? እባብ? እባብ እኮ በቤታችን ከድመት እኩል ነው። መፍራቱንስ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም፣ ግን የፈራሁት ቅርጫቱ ውስጥ ያለውን አይደለም። የምሄደውም ፈርቼ አይደለም። የምሄደው... እንዴት ልበላችሁ... አቅለሽልሾኝ ነው። እሱ ነው ቃሉ። በሆዴ ነው የማውቀው። ከመጣሁ ጀምሮ እዚህ ቦታ ያቅለሸልሸኛል፣ ትናንት ግን ወደ ላይ መጣብኝ።

ከአብሩዞ ስመጣ እናቴ ሰፈሩን ሁሉ አስቀንታ ነው የሸኘችኝ። "ሆሊዉድ ራሱ ሮም መጥቷል፣ የጥንቷን የግብፅ ንግሥት ታሪክ ሊያነሱ ነው፣ ልጄ ወርቅ ነው የምትሰፋው" ስትል አንድ በር አልቀራትም። እኔም አምኜ መጣሁ። የመጀመሪያ ቀን ቤተ መንግሥቱን ሳይ አፌ ተከፍቶ ቀረ፣ ያ ሁሉ ዓምድ፣ ያ ሁሉ የሰው ፊት ያለው አንበሳ። ከዚያ ደክሞኝ አንዱን ዓምድ ደገፍ ስል እጄ ገባ! ጄሶ ነው፣ ውስጡ ባዶ፣ ድመት ወልዳበታለች። ግብፅን የሰበርኩ መሰለኝ። ዲርቼ መጥታ በጨርቅ ወተፈችልኝና ምን አለችኝ?

"አይዞሽ፣ አናትሽ ላይ እስካልወደቀ ድረስ ቤተ መንግሥት ነው።"

እሱን ተውኩት። ውሸት መሆኑን ማን ያጣዋል፣ ሲኒማ ነው፣ ጄሶውም ማንንም አልበደለም። ያቅለሸለሸኝ የግብዣው ትዕይንት ነው።

ትዝ ይላችኋል የንግሥቲቱ ግብዣ? ያ የተጠበሰ ጠቦት፣ ዳክዬው፣ ወይኑ በዘለላ፣ ኮኩ እንደ ተራራ ተከምሮ? ጌቶችና ሹማምንት እንዲሆኑ ያመጧቸው ደግሞ እነማንን ነው? ከድሮው የውሃ ድልድይ ሥር በቆርቆሮ ቤት የሚኖሩትን። "ሕዝቡ" ነው የምንላቸው፣ ስም የላቸውም፣ ሕዝቡ ይግባ፣ ሕዝቡ ይውጣ። ገና ጎህ ሳይቀድ ባዶ ሆዳቸውን በር ላይ ተሰልፈው። እኔ የአንዱን ሽማግሌ ካባ ትከሻው ላይ እያስተካከልኩ ሳለ አንድ ሰውዬ የወይን ተክል መርጫ በጀርባው አዝሎ መጣና ምግቡን ይረጭ ጀመር።

"ምንድነው እሱ?" አልኩት፣ እንዲያብረቀርቅ መስሎኝ።

"ላምባ።"

"ላምባ ለምን?"

"እንዳይበሉት ነዋ!" አለኝ፣ እንደ ጅል እያየኝ። "ትናንት ዳክዬ ጠፍቷል።"

ላምባ! በእህል ላይ! እኛ አገር ዳቦ መሬት ቢወድቅ አንስተን ስመን ነው የምናስቀምጠው። ሽማግሌው ሰማ፣ ሄዶ ተቀመጠ። በኋላ ካባውን ላስተካክል ስጠጋ በጆሮዬ፣ "ልጄ፣ ዳክዬው ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ ነው ያለው፣ እኔ ደግሞ ጠግበህ ሳቅ ተብያለሁ፣ እንዴት ነው የምስቀው?" አለኝ።

ሳቀም። ሲደጋግሙት፣ ሲደጋግሙት፣ መብራቱ ሲያግለው፣ ከሰዓት ላይ ኮክ አንስቶ በላ። እያወቀ። ከዚያ ካባው ላይ አስመለሰ። ወዲያው ሰው ተሯሯጠ፣ ማንን ሊያነሱ? ካባውን! "ካባው! ካባው!" እያሉ። ካባውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ያ ሽታ እስከ ዛሬ ከጥፍሬ ሥር አልወጣም። ሽማግሌው የት እንደደረሰ ግን የሚያውቅ አላገኘሁም፣ በማግስቱ ካባውን ሌላ ሰው ለበሰው።

ቀለሙስ? ያንን ቀለም ልርሳው? በየካቲት ብርድ ያን ሁሉ ሰው ራቁቱን አቁመው፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ስፖንጅ፣ በቃ እንደ በር ቀቧቸው። የአንዱን ብብት የነካ ስፖንጅ የሌላውን ፊት። ቁስል ያለበትም ይቀባል፣ የሚያሳክከውም ይቀባል፣ ሲያልባቸው ይፈስና ስፌታችን ውስጥ ይገባል። ዲርቼ ቀቢውን ምን ነበር ያልሽው?

"አንተ፣ ለምንድነው የምትቀባቸው?"

"ግብፆች ጠይም ናቸዋ።"

"እና ግብፅ ሰው አልቆ ነው? እዚያው ጠይም ሆኖ የተወለደ አጥተው ነው ከዚህ ተቀብቶ የሚላክላቸው?"

"ሲኞራ፣ እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ።"

"እሺ ንግሥቲቱስ? እሷ የግብፅ አይደለችም? እሷን ለምን አልቀባሃትም?"

"አንቺ ደግሞ! እሷ ኮከብ ናት!"

ሳቃችሁ፣ እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ። ማታ ግን የተቀቡት ልጆች ቀለሙን በቀዝቃዛ ውሃ ሲፈትጉ አየሁ፣ ቆዳቸው ተልጦ፣ ከዚያ ወዲህ ያ ቀልድ አላሳቀኝም።

ስለ ንግሥቲቱ ልንገራችሁ፣ እሷን በደንብ የማውቃት እኔ ነኝ። ማለቴ ቋንቋዋን አላውቅም፣ ጀርባዋን ነው የማውቀው። የወርቁ ቀሚስ ዚፕ የለውም፣ ያኔ ዚፕ አልነበረማ፣ ካሜራውም ያየዋል። ስለዚህ በየማለዳው ሰውነቷ ላይ ነው የሚሰፋው፣ ከወገብ እስከ አንገት። ያንን ለእኔ የሰጡኝ ሲኞራ ኤልቪራ ናቸው። "ግራ ጣትሽን ከጨርቁ ሥር አስገቢ፣ መርፌው መውጋት ካለበት አንቺን ይውጋ" ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይኸው ጣቴ፣ እዩት፣ ወንፊት ሆኗል። እሷን ግን አንድ ቀን ወግቻት አላውቅም።

ከተሰፋች በኋላ አትቀመጥም፣ ቀሚሱ ይሸበሸባላ። ጣውላ ያቆሙላታል፣ እሱን ደገፍ ትላለች፣ ልክ እንደ መጥረጊያ። አንድ ቀን ወደ አፏ እያሳየች የሆነ ነገር አለችኝ፣ ውሃ መሆኑ ገባኝ፣ ሮጬ አመጣሁ፣ ሲኞር ፓስኩቺ ብርጭቆውን ከእጄ ነጠቁኝ።

"ከጠጣች መጸዳጃ ልትል ነው፣ መጸዳጃ ካለች ሊፈታ ነው፣ ከተፈታ ቀኑ ሄደ።"

"ተጠምታለች እኮ ሲኞር።"

"ንግሥት አይጠማትም።"

ረስተውት ይሆናል ሲኞር ፓስኩቺ። እኔ አልረሳሁትም። ያን ሁሉ አገር የምትገዛ ሴት፣ ዘውድ የደፋች፣ ጣውላ ተደግፋ ውሃ ስትለምን ቆማ ዋለች። እኔም ቆሜ ዋልኩ።

እሺ፣ አሁን ወደ እሱ ልምጣ።

የመጨረሻው ትዕይንት የንግሥቲቱ ሞት ነው፣ እባቡን ደረቷ ላይ ታደርግና ትሞታለች፣ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። መጀመሪያ ያመጡት የጎማ እባብ ነበር። አያችሁት አይደል? የአትክልት ማጠጫ ጎማ ዓይን ተስሎለት! ዳይሬክተሩ ራሱ እየሳቀ ወረወረውና "በሕይወት ያለ አምጡልኝ" አለ። ይሄኔ ዲርቼ፣ አፏ መቼ ዝም ይላል፣ "የኤርሲሊያ አባት እባብ ያዥ ነው!" ብላ ጮኸች። ዲርቼ፣ አልተቀየምኩሽም፣ ተይ አታልቅሺ፣ ለጥሩ ብለሽ ነው፣ እኔም ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አባቴን ልታዩልኝ ነው ብዬ።

አባቴ ሎሬቶ በባቡር መጣ፣ እባቡን ሸሚዙ ውስጥ አድርጎ፣ አጠገቡ የተቀመጠችው መነኩሲት እስከ ሮም ድረስ ስትደገፈው አላወቀችም አሉ። ገና ሲገባ አንዱ አሜሪካዊ አገጩን ይዞ ፊቱን ወደ መብራት አዞረና፣ "ይሄን ፊት እዩት! ቀብታችሁ የግብፅ ካህን አድርጉት!" አለ። አስተርጓሚው ሲነግረው አባቴ ኮፍያውን አነሳና፣ "እኔ ሎሬቶ ነኝ፣ ሌላ መሆን አልችልም፣ ነገ በጎቼ ይጠብቁኛል" አለ።

ከዚያ ሲኞር ፓስኩቺ "በስንት?" አሉት።

"አይሸጥም።"

"ኪራዩስ?"

"አይከራይም። የቅዱሱ ነው። ልጄ እዚህ ስላለች በአደራ ልተውላት እችላለሁ። እስከ በዓሉ ድረስ።"

"እሺ እሺ፣ አደራ" አሉ ሲኞር ፓስኩቺ። እጅ ተጨባበጡ። እኔ መሃላቸው ቆሜ አይቻለሁ።

እኛ ጋ እንዲህ ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ እባቦቹ ፀሐይ ሊሞቁ ይወጣሉ፣ ያዦቹ ይይዟቸዋል፣ በማሰሮ ይጠብቋቸዋል፣ በግንቦት የቅዱስ ዶሜኒኮ ቀን ሐውልቱ ላይ እናደርጋቸዋለን፣ አንገቱ ላይ፣ ክንዱ ላይ ይጠመጠማሉ፣ በመንደሩ እንዞራለን፣ ሕፃናቱ ሁሉ ይነካሉ። በማግስቱ እያንዳንዱ ያዥ የራሱን እባብ ወስዶ ያገኘበት ድንጋይ ሥር ይለቃል። ሌላ ድንጋይ አይሆንም። ያልመለሰ ሰው ደግሞ... ማንም ምንም አይለውም። ዝም ብሎ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቅዱሱን ሊሸከም ትከሻውን ሲያስጠጋ ሌላው ቀድሞት ይገባል። በሚቀጥለውም እንደዚያው። አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ የሐውልቱን መሸከሚያ የፊተኛውን እንጨት ነው የሚሸከመው። ሌላ ምንም ነገር የለውም፣ መሬት የለው፣ ቤቱ የሰው ነው፣ ያ ትከሻው ላይ ያለ እንጨት ነው ያለው።

ሲሄድ ጣቢያው ላይ "ኤርሲሊያ፣ አደራ" አለኝ።

ንግሥቲቱ ደግሞ፣ ይሄን ንገሩልኝ፣ አልፈራችም! አባቴ እባቡን ከሸሚዙ ሲያወጣ ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ እሷ ቀረብ አለች፣ በአንድ ጣት ነካችው፣ ከዚያ መዳፏን አሳረፈችበትና ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ሙቀቱ አስደንቋት ነው፣ ከአባቴ ሆድ ላይ ነዋ የወጣው። እዚህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታዲያ ትናንት ምን ሆነ? አይታችኋል፣ ግን ሲነገር ሌላ ነው፣ ስለዚህ እናገረዋለሁ። ሲኞር ፓስኩቺ፣ ገና ነኝ፣ ሰዓትዎን አይዩ፣ እስክጨርስ ብለዋል።

ሁላችንም ቅምቅማት ላይ አቀርቅረን ነበር። እርስዎ ገቡ፣ ከኋላዎ የመብራት ሠራተኛው ቅርጫቱን በረጅም እንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ፣ ልክ የሚፈነዳ ነገር እንደያዘ ሰው። አስቀመጠና በረረ።

"የት አለች ያቺ ንግሥቲቱን የምትሰፋው?"

"አቤት" አልኩ።

"ነገ የሞቷን ትዕይንት እናነሳለን። የዚህን አውሬ አፍ ትሰፊልኛለሽ። በቀጭን የሐር ክር፣ በቆዳው ቀለም፣ ካሜራ እንዳያየው አድርገሽ።"

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ።

"ምን ያስቅሻል?"

"አይናከስም እኮ ሲኞር። እሷስ ነክታው የለ?"

"ኢንሹራንሱ አልነካውም! አፉ ካልተዘጋ ፊርማ የለም ብሏል። ንግሥቲቱን ሳትወጊ ትሰፊ የለ? ይሄንንም ስፊ። ምን ልዩነት አለው?"

ምን ልዩነት አለው! እስከ አሁን ጆሮዬ ላይ ነው። ልዩነቱን መናገር አቃተኝ፣ "አባቴ አደራ ብሎኛል" ብቻ አልኩ።

"አባትሽ ሲመጣ ክሩን በጥሰሽ ትሰጪዋለሽ፣ እሱ ምን ያውቃል?"

ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ድሮ በገበያ እባብ የሚያሳዩ ሰዎች የአንዱን አፍ ሰፍተው አባቴ አይቷል። ክሩ ሥጋውን ይቀድዳል፣ ቀዳዳው ይመግላል፣ አፉ ይበሰብሳል፣ በርሃብ ይሁን በቁስሉ ሳይታወቅ ይሞታል። አባቴ ያን ሽታ ሲነግረን ራት አቁሞ ነው የወጣው። ይሄን ሁሉ ልል ፈልጌ ነበር፣ አልወጣኝም። ዲርቼ ናት የተናገረችው፤

"ሲኞር፣ እኔ ልስፋ፣ መስፋቱን አልጠላሁም፣ ግን ከማን አፍ ነው የምጀምረው?"

እርስዎም፣ "ቀልደኛ በር ላይ ሞልቷል፣ ሥራ ፈላጊም እንደዚያው" አሉ።

በቃ። የስፌት መኪናው ሁሉ ቆመ። ይሄን ስል እየወቀስኳችሁ አይደለም እህቶቼ፣ ልጆች አሏችሁ፣ እናቶች አሏችሁ፣ ይገባኛል። ግን እኔ ዞር ዞር ብዬ ፊታችሁን ሳይ ሁላችሁም ጨርቅ ጨርቃችሁን ነበር የምታዩት። እዚያ ላይ ነው ሆዴ የተገለበጠው።

ሲኞራ ኤልቪራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ እናቴ ነዎት እዚህ፣ ስመጣ መርፌ አያያዝ እንኳን አላውቅም ነበር፣ የራስዎን ምሳ ከፍለው ሰጥተውኛል፣ ስታመም ቤትዎ አስተኝተውኛል። ግን ትናንት ተነስተው መሳቢያውን ከፈቱ። የሐር ክር መረጡ። ከእባቡ ጎን አድርገው ቀለሙን አስተያዩ፣ ልክ ለሰርግ ቀሚስ እንደሚመርጡ። ሰም አስነኩት። በመርፌው ቀዳዳ አሾለኩት፣ በአንድ ጊዜ።

"አምጪው ልጄ፣ አንቺ ካቃተሽ እኔ እሰፋዋለሁ" አሉ።

"ሲኞራ፣ እርስዎ?"

"ሥራ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከመጋረጃ የሬሳ መገነዣ ሰፍቻለሁ፣ እጄ አልተቆረጠም።"

መልሱ ሌሊቱን ሳስበው ነው የመጣልኝ፣ አሁን ልበለው፤ ሬሳ እኮ አያመውም ሲኞራ። ሬሳ አይርበውም። ይሄ ቅርጫት ውስጥ ሆኖ ምላሱን ያወጣ ነበር፣ ምን እንደሆነ ሊያሸት፣ እርስዎን እያሸተተ ነበር እርስዎ ክር ሲመርጡለት።

ያቺን መርፌ ሳይ ዋሸሁ። አዎ ዋሸሁ፣ "ቤት ወስጄ በተረጋጋ እጅ እሰፋዋለሁ፣ ነገ ይደርሳል" አልኩ። ሲኞር ፓስኩቺ "ይኸው፣ ልጅት ገባት" አሉ፣ እርስዎም ሲኞራ መርፌውን የመርፌ ትራሱ ላይ ሰኩት። ቅርጫቱን አቅፌ ወጣሁ።

ታዲያ ለምን ተመለስሽ ትሉኛላችሁ። ዲርቼም ጠዋት ስታየኝ፣ "አንቺ ጅል፣ ባቡር ላይ አልነበርሽም እንዴ?" አለችኝ። መጥፋት እችል ነበር። ግን ብጠፋ ሌባ ነው የምባለው፣ አባቴም የሌባ አባት ይሆናል፣ እባቡም የተሰረቀ እባብ ይሆናል፣ የተሰረቀ ደግሞ ለቅዱሱ አይሆንም። የእኛን ነገር እንደ ሌባ አልወስድም። በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ተናግሬ፣ በበሩ ነው የምወጣው።

ሲኞር ፓስኩቺ "የፊልሙ ንብረት ነው" ይላሉ። ንብረት! ጄሶው ንብረታችሁ ነው። ያ ላምባ የጠጣ ዳክዬ ንብረታችሁ ነው፣ ብሉት። የወርቁ ቀሚስ፣ ባልዲው፣ ስፖንጁ፣ ጣውላው፣ ሁሉም የእናንተ ነው፣ አንዲት መርፌ አልወሰድኩም፣ ዲርቼ ትፈትሸኝ። ይሄ ግን እጅ ተጨባብጠው የተቀበሉት አደራ ነው። ፖሊስ ከጠሩም ይምጣ፣ ፖሊስ እፈራለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ደንብ ልብስ ሳይ እግሬ ይተሳሰራል፣ ግን ለፖሊሱም ይሄንኑ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ሌላ የምለው የለኝም።

በሉ ልጨርስ። ወደ አገሬ የሚወስደኝ የሱልሞና ባቡር አይጠብቀኝም፣ በዓሉ ደግሞ ሐሙስ ነው።

አትጩሁ እሺ? ክዳኑን እየፈታሁ ነው። ሲኞር ፓስኩቺ፣ ንግግሬ ገና አላለቀም! ምርቃት ይቀራል፣ ያለ ምርቃት ስንብት የለም፣ ይቁሙልኝ። እህቶቼ፣ ወንበር ላይ አትውጡ፣ ጩኸት ያስደነግጠዋል... ና... ና የእኔ ጌታ... ይኸው። እዩት። አፉን እዩት፣ ክር አልነካውም። እኛ ጋ ሴቶቹ እንዲህ በአንገታችን ነው የምናደርገው። ቀዝቅዞታል፣ ትከሻዬን ፈልጎ ነው።

ልመርቅ። ዲርቼ፣ ቀልድሽ አይለይሽ፣ ቀልዱን የሚችል ባል ይስጥሽ። እናንተ ጥልፍ ላይ ያላችሁት፣ ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ፣ ወገባችሁን ያጽናላችሁ፣ ልጆቻችሁን እንዲህ ካለ ቤት ያውጣላችሁ። ያን ሽማግሌ ያገኛችሁት እንደሆነ ከዚህ ዳቦ ስጡት፣ ላምባ ያልነካው ነው በሉት። ንግሥቲቱን ነገ የምትሰፋት ማን ናት? አንቺ ነሽ? ግራ ጣትሽን ከሥር አስገቢ። ውሃ ስትጠይቅሽ ደግሞ ስጫት። ሳይሰፋ በፊት ስጫት፣ ጠግባ ትጠጣ።

ሲኞራ ኤልቪራ፣ እጅዎን እግዜር ይባርከው። ከልቤ ነው። እንደዚያ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። ያንን መርፌ ግን ከትራሱ ላይ ያንሱት፣ ክሩ አሁንም አለበት፣ ከገባሁ ጀምሮ እሱን ነው የማየው።

ሲኞር ፓስኩቺ፣ ለእርስዎም... ቆይ፣ ለእርስዎ ምርቃት አጣሁ። ይቅርታ፣ ሁሉንም ሰው መመረቅ እችል ነበር፣ ስንመጣ ስንሄድ እንመርቃለን እኛ፣ ዛሬ እርስዎ ላይ ስደርስ ከአፌ አልወጣ አለ። ጤና ይስጥዎት። በቃ ጤና። አሁን ከበሩ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ እየመጣሁ ነው። አይናከስም ብዬዎታለሁ እኮ። አይናከስም። ምላሱን ነው፣ ማን እንደሆኑ እያሸተተ ነው... ትንሽ ወደ ግራ... እንደሱ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሁላችሁም ደህና ሁኑ። በሰላም ያገናኘን፣ በሰው ፊት የምንናገረው፣ በሰው ፊት የምንበላው አያሳጣን።

ዲርቼ፣ በሩን ክፈቺልኝ እህቴ፣ እጄ ላይ ተጠምጥሞብኛል።